ቀይ ባሕርን በሸራ ጀልባ የተመላለሰው ኮንትሮባንዲስት፦ የሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ሕይወት

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ የብዙ መንግሥታት ድንበር የተገናኘበት ጠባብ የውኃ መንገድ ነበር። ጅቡቲ በፈረንሳይ፣ ኤርትራ በጣሊያን፣ ኤደንና ዘይላ በእንግሊዝ፣ የየመን ዳርቻ ደግሞ በኦቶማን ቱርክ እጅ ነበሩ። የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ስፋት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ አንድ የሸራ ጀልባ ጥሩ ነፋስ ካገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአንዱ መንግሥት ሕግ ወጥቶ በሌላው ሕግ ሥር ይገባል። በዚህ ባሕር ላይ የጉምሩክ ጀልባዎችን ሲሸሽ፣ አንዳንዴም ሲያዝ የኖረው ፈረንሳዊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እስከ ድሬዳዋና ሐረር ይዘልቃል።

ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሌካት ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬድ ሠዓሊ ሲሆን፣ የታዋቂው ሠዓሊ የፖል ጎጋን የቅርብ ወዳጅ ነበር። ልጁ ከቀለምና ከብሩሽ ይልቅ በአባቱ ጀልባ ላይ ባሕርን ወደደ። ወጣትነቱን ግን በየብስ ላይ በማይሳኩ ሥራዎች አሳለፈ። በሻጭነት ተቀጠረ፤ በወተት ሥራ ተሰማራ፤ ከሰረም፤ ታመመም። ሠላሳ ዓመት ባለፈው ጊዜ በአገሩ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ ቡናና ቆዳ በሚነግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ስለነበር የሐረርጌ ገበሬ ቡና በዚሁ መስመር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ሞንፍሬድም ሸቀጥ ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ ይወጣና ይወርድ ጀመር። ይሁን እንጂ የቅጥር ኑሮ አላረካውም። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ የራሱን ጀልባ ያዘ። የባሕሩን ሰዎች ቋንቋ ተማረ፤ እንደነሱ ለበሰ፤ የእስልምናን እምነት ተቀብሎም አብዱልሐይ ተባለ። መርከበኞቹ ሶማሌዎች፣ አፋሮችና የመን ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ በዕንቁ ንግድ፣ ቀጥሎም በጦር መሣሪያ ሥራ ተሰማራ።

በዚያ ዘመን የአንድ ግለሰብ ጀልባ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ምን ወረቀት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነበር። በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት የባሪያ ንግድን ለማጥፋት የወጣ ነው። የአገሬው ሸራ ጀልባ የአንድን መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ለማውለብለብ ፈቃድ፣ የመርከበኞች ስም ዝርዝርና የተሳፋሪዎች ዝርዝር እንዲይዝ አዘዘ። ባለ ጀልባውም በባሪያ ንግድ ተፈርዶበት የማያውቅ መሆን ነበረበት። ይኸው ስምምነት ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል የጦር መሣሪያ ማስገባትን በጥብቅ ገደበ። በታኅሣሥ 1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚገባውን ጠመንጃ ለመቆጣጠር ተስማሙ።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ፈረንሳይ የሌላ አገር የጦር መርከብ በሰንደቅ ዓላማዋ ሥር የሚሄድ ጀልባን እንዲፈትሽ የሚፈቅዱትን አንቀጾች ሳታጸድቅ ቀረች። ስለዚህ የፈረንሳይን ሰንደቅ ያውለበለበ ጀልባ ለእንግሊዝ ጠባቂዎች አስቸጋሪ ነበር። ይኸው የሰንደቅ ጉዳይ ሁለቱን መንግሥታት አከራክሮ ሄግ ላይ ዳኝነት ቀረበበት፤ በ1905 የተሰጠው ውሳኔም ፈረንሳይ ለኦማን ጀልባዎች የምትሰጠውን ፈቃድ ገደበው። ሞንፍሬድ ወደዚህ ባሕር የመጣው የዚህ ክርክር ትዝታ ገና ሳይደበዝዝ ነው። ፈረንሳዊ ዜጋ ነበርና ሰንደቁ የራሱ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት በዓይነ ቁራኛ ቢከታተሉትም፣ ከአንዱ ወደብ ሕግ አምልጦ በሌላው ወደብ ሕግ ሥር መጠለልን ዕለታዊ ሥራው አደረገው።

የገዛ አገሩ ሹማምንትም አልተዉትም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ በጦር መሣሪያ ኮንትሮባንድ ተከሶ ጅቡቲ ውስጥ ለወራት ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ከጠመንጃ ይልቅ ትርፉ የሚበልጥ ሌላ ሸቀጥ አሰበ፤ ሐሺሽ። በዚያን ጊዜ ሐሺሽ በግሪክ የሚመረትና በግልጽ የሚሸጥ ሲሆን በግብፅ ግን የተከለከለ ነበር። ሞንፍሬድ ግሪክ ሄዶ ሸቀጡን ገዛ፤ በማርሴይ በኩል በመርከብ ጅቡቲ አደረሰው፤ ከዚያ በራሱ ጀልባ ጭኖ ቀይ ባሕርን ሽቅብ ወደ ስዊዝ ቀዘፈ። አንድ ዕቃ በአንዱ ወደብ ሕጋዊ፣ በሌላው ወደብ ወንጀል በሆነበት ዓለም ውስጥ ትርፉ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ካለው ውኃ ነበር። የዚህ ትርፍ ዋጋ በግብፅ መንደሮች የሐሺሽ ሱሰኛ በሆኑ ሰዎች ጤናና ኪስ ይከፈል እንደነበር ሞንፍሬድ ግድ አልሰጠውም። ክፍተቱ የጠበበው በ1920 ግሪክ ሐሺሽን ስትከለክል፣ በ1925 ደግሞ በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት ሸቀጡን በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ሲያስገባው ነው።

ሞንፍሬድ በባሕር ያገኘውን ገንዘብ በየብስ ላይ ሥራ ላይ አዋለው። በኦቦክ ቤት ሠራ፤ አልታይር የተባለችውን ትልቅ ጀልባውንም አሠራ። በድሬዳዋ የዱቄት ፋብሪካና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበረው፤ በሐረር አካባቢም ከቤተሰቡ ጋር ይኖር ነበር። በ1929 ከፈረንሳዊው ካህንና የሥነ ምድር ሊቅ ቴያር ደ ሻርደን ጋር በድሬዳዋ አቅራቢያ የሚገኘውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ መረመሩ፤ ዋሻው ዛሬ በጥንታዊ ሰው መሣሪያዎቹና በሥዕሎቹ ይታወቃል።

በ1930 ጋዜጠኛው ጆሴፍ ኬሰል በቀይ ባሕር ያለውን የባሪያ ንግድ ለመመርመር ሲመጣ ከሞንፍሬድ ጋር ተገናኘ። የጀልባ ሰውየው ያየውንና የሠራውን እንዲጽፍ ያበረታታው ኬሰል ነው። የቀይ ባሕር ምስጢሮችን የሚተርከው የመጀመሪያ መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ በፈረንሳይ ዝናው ናኘ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከስልሳ በላይ መጻሕፍት ጻፈ። ቀድሞ ከሹማምንት የሚሰውረውን ወንጀል አሁን ለአንባቢ እየተረከ ይተዳደርበት ጀመር።

ከኢትዮጵያ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ክፉኛ ተበላሸ። በ1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአገር አስወጡት። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ሞንፍሬድ ከሞሶሎኒ ጎን ቆሞ ወረራውን በብዕሩ ደገፈ፤ ያስጠለለችው አገር በመርዝ ጋዝ ስትቃጠል እሱ ከወራሪው ጋር ተመለሰ። በዚህም የተነሣ ስሙ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በመልካም አይነሣም። ጣሊያን ድል ስትሆን እንግሊዞች ይዘው ወደ ኬንያ አጋዙት፤ ለዓመታት ሲያሳድዱት የነበሩት ሰዎች በመጨረሻ ያገኙት በባሕር ላይ ሳይሆን በየብስ ነው። በ1947 ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ አንግራንድ በተባለች መንደር ኖረ፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 1974 በ95 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ አንድ የግል ጀልባ የሌላ አገር ወደብ ሲደርስ ቢጫ ሰንደቅ ሰቅሎ ይቆማል። የጤና፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሹማምንት የጀልባውን ምዝገባ፣ የተሳፋሪዎችን ዝርዝርና ፓስፖርት፣ የጭነቱንም መግለጫ መርምረው እስኪፈቅዱ ድረስ ማንም ወደ ምድር አይወርድም። ለሐቀኛ ተጓዥ ይህ ሁሉ ወረቀት አሰልቺ ነው። ነገር ግን የብራስልሱ ስምምነት የመርከበኛና የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ያስፈለገው በሌሊት በባሕር ተሻግረው የሚሸጡ ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ የጭነቱም መግለጫ የጠመንጃና የሐሺሽ ገበያ ያስተማረው ትምህርት ነው። ሞንፍሬድ በመጻሕፍቱ የባሕርን ነፃነት አወደሰ። የዚያ ነፃነት ዕዳ ግን የተከፈለው በእሱ ሳይሆን ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ባልተጻፈ ሰዎች ነበር።