አባ ጎርጎርዮስና ደቀ መዝሙራቸው

ትምህርት ከሽማግሌው ወደ ወጣቱ የሚተላለፍ ርስት ነው። ነገር ግን ይህ ርስት ከመሬትና ከቤት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። መሬትን ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ወራሹ ከስፍራው ሄዶ ያገኘዋል፤ ዕውቀትን ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቆ ካልተቀበለ፥ ወራሹ በኋላ ቢፈልግ አያገኘውም። አባቶቻችን ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲሉ የተረቱት ይህን በመገንዘብ ይመስለናል። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የአንድ ሊቅ ታሪክ እንድናቀርብ በተፈቀደልን ጊዜም ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ምስክር የሚሆኑትን አባ ጎርጎርዮስን መረጥን። የእሳቸው ታሪክ ያለ ደቀ መዝሙራቸው ያለ ኢዮብ ሉዶልፍ ሊነገር ስለማይችል የሁለቱን ሕይወት አንድ አድርገን እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ዓ. ም. ገደማ በጥንቱ የአማራ አውራጃ፥ ይኸውም በዛሬው ወሎ ውስጥ በሚገኘው በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። ትውልዳቸው ከከበረ ቤተ ሰብ ነበረ። የአገራቸውን ትምህርት ተምረው ክህነትን ተቀበሉ፤ ግእዝንም ጠንቅቀው ዐወቁ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በሃይማኖት ክርክር የታወከችበት ዘመን ነበረ። ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ ካሳወቁ በኋላ በአገሩ ውስጥ መለያየት ሆነ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ በ1632 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለዓፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ ከፖርቱጋል የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝና ኢየሱሳውያን ካህናትም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ጎርጎርዮስ የፓትርያርኩ ወገን ስለ ነበሩ እሳቸውም የስደት ዕጣ ደረሰባቸው። እኛ ስለ ክርክሩ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣንም። ልናስተውል የሚገባን፥ አንድ የተማረ ሰው መጽሐፉንም ቤቱንም ትቶ፥ በልቡና በአንደበቱ ያለውን ብቻ ይዞ ከአገሩ መውጣቱን ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮማ ደረሱ። በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኝ ነበር፤ ይህ ገዳም ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የሆነ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ በስፍራው ቆሞ ይታያል። አባ ጎርጎርዮስም ከጥቂት የአገራቸው ሰዎች ጋር በዚያ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 ዓ. ም. በጀርመን አገር ኤርፉርት በምትባል ከተማ ተወለደ። ጀርመኖች ስሙን ሂዮብ ብለው ይጠሩታል። የተወለደበት ዘመን ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት አገሩን የሚያጠፋበት ዘመን ነበረ፤ ጦርነቱ በ1618 ተጀምሮ በ1648 ሲያበቃ ሉዶልፍ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበር። እንዲህ ባለ መከራ መካከል ያደገው ልጅ ግን ልቡን ወደ ቋንቋ ትምህርት አዘነበለ። ዕብራይስጥንና ዐረብኛን፥ ሱርስትንም ተማረ። ከዚያም ማንም ሳያስገድደው ግእዝን ለማወቅ ተመኘ።

ነገር ግን በአገሩ ግእዝን የሚያስተምር ሰው አልነበረም። የነበሩት በሮማ የታተሙ ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም በ1513 የታተመው መዝሙረ ዳዊትና ኢትዮጵያዊው አባ ተስፋ ጽዮን ከ1548 እስከ 1549 ያሳተሙት ሐዲስ ኪዳን ይገኙባቸዋል። ሉዶልፍ እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት ይዞ ፊደሉን ከፊደል፥ ቃሉን ከቃል እያመሳከረ በራሱ ትጋት ተማረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር እናስረዳ። ፊደላችን ብዙ ነገር ያስነብባል፤ ነገር ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ዋና የሚለውን ቃል አላልተን ብናነበው በውሃ ላይ መዋኘት ይሆናል፤ አጥብቀን ብናነበው ግን የነገር ሁሉ ራስ ማለት ነው። ገና የሚለውም ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፥ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። እኛ ይህን ከእናቶቻችን አንደበት ስለ ተማርነው አይቸግረንም። ግእዝም እንዲሁ የሚጠብቅና የሚላላ አለው፤ ለዚህ ነው የቆሎ ተማሪ ንባብን ከመምህሩ አፍ እየሰማ የሚማረው። በኤርፉርት ብቻውን ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት ግን ይህን ከወዴት ያገኘዋል? ሉዶልፍ የጎደለው ትጋት አልነበረም፤ የጎደለው የመምህር አንደበት ነበረ።

በ1649 ሉዶልፍ የስዊድንን ታሪክ የሚመለከቱ የጥንት ሰነዶችን እንዲፈልግ ወደ ሮማ ተላከ። የተላከበትን ሥራ እየሠራ ሳለ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሶ ኢትዮጵያውያኑን ጐበኘ፤ ከአባ ጎርጎርዮስም ጋር የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌው ከሃምሳ ዓመት ያለፉ ስደተኛ ካህን ነበሩ፤ ወጣቱ ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ። አንዱ ከጣና ማዶ፥ ሌላው ከአልፕስ ተራሮች ማዶ የመጡ ናቸው። የሃይማኖታቸውም ወገን የተለያየ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ፥ ሉዶልፍ የሉተር ተከታይ ነበሩ። በአውሮፓ ስለዚሁ መለያየት ሲደረግ የኖረው ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ለትምህርታቸው ዕንቅፋት አልሆነም።

በምን ቋንቋ ተነጋገሩ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አባ ጎርጎርዮስ ጀርመንኛ አያውቁም፤ ሉዶልፍም በዚያን ጊዜ አማርኛ አይሰማም። ድልድይ የሆናቸው ግእዝ ነው። በኢትዮጵያ ከቤተ ክርስቲያንና ከመጽሐፍ ውጭ የማይነገረው ቋንቋ በባዕድ አገር የሁለት ሰዎች መነጋገሪያ ሆነ። ወጣቱ ይጠይቃል፤ ሽማግሌው ይመልሳሉ፤ ወጣቱም ይጽፋል።

ብዙ ሰዎች በእንዲህ ያለ ትምህርት ተጠቃሚው ተማሪው ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ ግን መምህሩም የተማሩ ይመስለናል። ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚናገረውን ቋንቋ እንደሚተነፍሰው አየር ስለሚቈጥረው ሕጉን አይመረምረውም። ይህ ግሥ ስለምን እንዲህ ይለወጣል? ይህ ቃል ከየትኛው ቃል ይወለዳል? በአገራችሁ ይህ ነገር ምን ተብሎ ይጠራል? እንደነዚህ ያሉ ጥያቄዎች በቀረቡላቸው ቍጥር አባ ጎርጎርዮስ የገዛ ቋንቋቸውንና አገራቸውን እንደ አዲስ ይመለከቱ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም። የወጣቱ ጥያቄ ለሽማግሌው መስተዋት ሆነ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የጎታ መስፍን ኤርንስት ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሰሙ። እኚህ መስፍን ስለ ትምህርት የነበራቸው አሳብ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ በ1642 ስለ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት አስወጥተው፥ በከተማም በገጠርም ያሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ያዘዙ ሰው ናቸው። መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ አስጠሯቸው፤ ሽማግሌውም በ1652 የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን አገር ገቡ። ፍሪደንሽታይን በሚባለው፥ ሥራው ገና ባልተፈጸመው የመስፍኑ ግቢ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ምድርና ሕዝብ፥ ስለ ነገሥታቱና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ስለ ወንዞቹና ስለ አራዊቱ ይጠየቁ ነበር። አስተርጓሚው ያው ደቀ መዝሙራቸው ነበረ። ሉዶልፍ የሚሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ እየጻፈ አኖረ። ከግእዝ ሌላ አባ ጎርጎርዮስ በቤታቸው የተናገሩትን አማርኛንም አስተማሩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮማ ተመለሱ። ሁለቱ ዳግመኛ በአካል አልተገናኙም፤ ትምህርታቸው ግን በደብዳቤ ቀጠለ። ከአባ ጎርጎርዮስ ደብዳቤዎች መካከል ተጠብቀው የቆዩልን አሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው የአገራቸው ናፍቆት ጸናባቸውና ወደ ምሥራቅ ጉዞ ጀመሩ። በ1658 ዓ. ም. ዛሬ ኢስከንድሩን በምትባለው ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰበረች፤ አባ ጎርጎርዮስም በባሕር ሰጥመው ሞቱ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ያለፈ ነበር። አገራቸውን ሳያዩ ቀሩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ በል። ሉዶልፍ በሮማ ሳለ ሰነዱን ብቻ ፈልጎ ቢመለስ ኖሮ፥ ወይም እነዚህን የባዕድ ሰዎች ምን እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ቢያልፋቸው ኖሮ፥ አባ ጎርጎርዮስ የያዙት ዕውቀት ሁሉ ከእሳቸው ጋር ባሕር ውስጥ በሰጠመ ነበር።

ደቀ መዝሙሩ ግን የተቀበለውን አልቀበረውም። መምህሩ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፥ በ1661፥ የግእዝ ሰዋስውና የግእዝ መዝገበ ቃላት በለንደን ታተሙ። ለማሳተም የተላከው ቫንስሌብ የተባለ የሉዶልፍ ተማሪ ነበር። ይህ ወጣት ብርቱና ችሎታ ያለው ቢሆንም ከራሱ አሳብ በመጽሐፉ ላይ ስለ ጨመረበት መምህሩን አሳዘነ። በ1663 መስፍኑ ወደ ኢትዮጵያ ቢልኩትም ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ። አንድ መምህር ሁልጊዜ እንደ አሳቡ ያለ ተማሪ እንደማያገኝ ከዚህ እንረዳለን። ሉዶልፍ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ ሥራውን ራሱ ደግሞ አርሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ በፍራንክፈርት አሳተመው።

የዚህ ሰው ኑሮ በቋንቋ ጥናት ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የመስፍኑን ልጆች ያስተምር ነበር፤ በመንግሥት ሥራም ብዙ ዘመን አገልግሏል። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፈው ከዚህ በተረፈው ጊዜ ነው። በ1681 ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን አሳተመ፤ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝኛ፥ በ1684 ደግሞ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ ወጣ። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ሆኖ ስለ ምድሪቱና ስለ ሕዝቧ፥ ስለ መንግሥቷ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኗና ስለ ሰዎቿ ኑሮ ይናገራል። ሉዶልፍ የመምህሩን ቃል ፖርቱጋሎች ከጻፉት ጋር እያመዛዘነ መረመረ እንጂ ማንንም በጭፍን አልተከተለም። በ1691 የዚህን ታሪክ ማብራሪያ ሲያወጣ የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል አብሮ እንዲታተም አደረገ። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘም አልሸሸገም። በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በኅትመት የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ደቀ መዝሙሩም የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1704 ዓ. ም. በፍራንክፈርት ሞተ።

ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት በብዙ አገሮች የታወቀ ትምህርት ሆኗል፤ ሉዶልፍም መሥራቹ ተብሎ ይከበራል። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጥናት ማዕከል በስሙ ተሰይሟል። ይህ የሚገባው ክብር ነው። ሆኖም የደቀ መዝሙሩ ስም በተጠራ ቍጥር የመምህሩም ስም አብሮ እንዲጠራ እንወዳለን። የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም፤ ቤቱ የቆመው ግን በእርሱ ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች የምንማረው ምንድን ነው? መጽሐፍ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው፤ ሉዶልፍም አስቀድሞ ባያነብ ኖሮ የሚጠይቀውን ባላወቀ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፍ ያልተጻፈ ብዙ ነገር በየቤታችን ከእሳት ዳር ተቀምጧል። አያቶቻችን የዕፀዋትን ስምና መድኃኒትነት፥ የማረሻንና የሸማ ሥራን ቃላት፥ የወንዝና የተራራ ስሞችን፥ የዳኝነትንና የዕርቅን ሥርዓት ያውቃሉ። እኛ ደግሞ መጻፍ እናውቃለን። እነሱ ሲያውቁ እኛ ሳንጽፍ፥ እኛ መጻፍ ስንችል እነሱ ሳይጠየቁ ቢቀሩ ጥፋቱ የማን ይሆናል?

ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችንም በትሕትና የምናቀርበው ልመና አለን። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋቸውን ገና በቅጡ መናገር የማይችለውን የባዕድ ልጅ ሳይንቁ፥ ሳይሰለቹም መለሱለት። እኛም ጥያቄ ስናበዛ ድፍረት አይምሰላችሁ፤ ርስታችንን መጠየቃችን ነው። በዚህ በዓል የትምህርት ቤታችንን ዕድሜ ስንቈጥር፥ ከፊታችን ያሉትን ሽማግሌዎች ለመጠየቅ የቀረንን ጊዜም አብረን እንቍጠር። በዕረፍት ጊዜያችን እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን፥ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠን፥ ቢያንስ አንድ ነገር ጠይቀን እንጻፍ።