ከሩጫ ጫማ እስከ ነጠላ ጫማ፤ የአዲ ዳስለር ሕይወት

ወንዶች እሁድ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ብቅ ሲሉ የሚያጠልቁት፣ ከላይ አንድ ሰፊ ማሰሪያ ያለውና ከኋላው ክፍት የሆነው ነጠላ ጫማ ፈጣሪ ያለው አይመስልም። ሰማያዊና ነጩ ባለ ሦስት መስመር ግን ባለቤት አለው፤ ጀርመናዊው አዶልፍ (አዲ) ዳስለር።

አዲ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1900 በባቫርያዋ ትንሽ ከተማ ሔርሶገንአውራህ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የዳቦ ጋጋሪነት ሙያ ቢማርም አልገፋበትም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእናቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከሠራዊቱ በተረፈ ቁሳቁስ ጫማ መስፋት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው በብስክሌት ፔዳል ነበር። መጀመሪያ ከሠራቸው መካከል የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይገኝበታል። ልቡ ግን ስፖርት ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1924 ከታላቅ ወንድሙ ከሩዶልፍ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ አዲ ይሠራል፣ ሩዶልፍ ይሸጣል። በ1936 በርሊን ላይ ጄሲ ኦውንስ አራት ወርቅ ሲያጠልቅ የወንድማማቾቹን ጫማ ተጫምቶ ነበር። ይሁንና ሁለቱም ከ1933 ጀምሮ የናዚ ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ በጦርነቱም ፋብሪካቸው የፀረ ታንክ መሣሪያ አምርቷል። ጫማውን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን መዝለል ይቀናቸዋል።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካውያን ሩዶልፍን አሰሩት፤ እሱም ወንድሙ ጠቁሞብኛል ብሎ አመነ። በ1948 ተለያዩ። የአዲ አዲዳስና የሩዶልፍ ፑማ ከተማዋን ለሁለት ከፈሏት፤ ነዋሪው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጫማ ያይ ነበር ይባላል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው የኛው አበበ ቢቂላም በ1964 ቶኪዮ ላይ የሮጠው በፑማ ነው።

አዲ በበኩሉ በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዝናብ ሲጥል፣ ጭቃ ለሚረግጡት የምዕራብ ጀርመን ተጫዋቾች በብሎን የሚቀየር ረጅም ጥርስ ገጥሞ ነበር። ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸነፉ።

ነጠላ ጫማው ለገበያ የቀረበው በ1972፣ አዲ ሰባውን ካለፈ በኋላ ነው። ጥያቄው የመጣው ከእግር ኳስ ተጫዋቾች ነበር። ከጨዋታ በኋላ እግር ይዝላል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ያንሸራትታል፣ ጎንበስ ብሎ ክር ማሰርም ሸክም ነው። ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው እግርን አጥብቆ በሚይዝ ጫማ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ክሩንም ተረከዙንም አስቀርቶ፣ ውኃ የማይጎዳው፣ እግር ሰተት ብሎ የሚገባበት ጫማ አወጣ። ለጎዳና አልታሰበም፤ ጎዳና ያወጣው ሕዝቡ ራሱ ነው።

ሩዶልፍ በ1974፣ አዲ ደግሞ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1978 አረፉ። የተቀበሩት በአንድ የመቃብር ስፍራ፣ በተቃራኒ ጫፎች ነው።