ልጅን እንደ ውሻ ማሠልጠን፤ የጆን ዋትሰን ነገር

ቁጭ በል ሲሉት ቁጭ ላለ ውሻ ቁራሽ ሥጋ ይሰጡታል፤ ውሎ አድሮ ሥጋውንም ሳያይ መቀመጥ ይለምዳል። ይሄ ዘዴ ለልጅስ ይሠራል ወይ? ነገሩን እስከ ጥግ የወሰደው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ዋትሰን ነው።

ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1878 በሳውዝ ካሮላይና ገጠር ተወለደ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እሱ ግን ተምሮ በ1903 በአይጦች ላይ ባካሄደው ጥናት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግብ ሳይቀርብላቸው በምልክት ብቻ ምራቃቸው እንዲመጣ ማስለመዱን ሲያውቅ፣ ይህንኑ በሰው ልጅ ለመሞከር ተነሳ።

በ1920 ከረዳቱ ከሮዛሊ ሬይነር ጋር ውጤቱን አሳተመ። አልበርት ብለው የጠሩት የ11 ወር ሕፃን መጀመሪያ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። አይጧን በነካ ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። በመጨረሻ አይጧን ገና ሲያያት ያለቅስ ጀመር፤ ፍርሃቱ ወደ ጥንቸልና ወደ ውሻም ተሻገረ። ያንን ፍርሃት ሳያስለቅቁት ሕፃኑ ከሆስፒታሉ ወጣ።

በዚያው ዓመት ዋትሰን ባለትዳር ሆኖ ከሬይነር ጋር በጀመረው ፍቅር ምክንያት ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። ሬይነርን አግብቶ ኒውዮርክ በማስታወቂያ ሥራ ሀብታም ሆነ። በ1928 ከእሷ ጋር ያዘጋጀው የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ በሰፊው ተሸጠ። ምክሩ ምን መሰላችሁ? ልጃችሁን አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ጭናችሁ ላይ አታስቀምጡ፤ ጠዋት ጠዋት ጨብጡት፤ ከባድ ነገር ከተወጣ ራሱን ዳበስ አድርጉት፣ በቃ።

ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውንም በዚሁ መንገድ አሳደጓቸው። አንደኛው ካደገ በኋላ ፍቅር በማይገለጽበት ቤት ማደጉ እንደጎዳው ተናግሯል። ሌላው የአእምሮ ሐኪም ሆኖ ሳለ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ጥፋቱ የአስተዳደጉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሰው ሕይወት በአንድ ምክንያት አይፈታም። ዋትሰን ራሱ ግን በ1936 ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ፣ በቂ እውቀት ሳይኖረው ያንን መጽሐፍ በመጻፉ መጸጸቱን ገልጿል። በ1958 ሞተ።

ታዲያ ዘዴው ከንቱ ነው? አይደለም። ጫማውን በራሱ ያደረገን ልጅ ወዲያው ማመስገን ይሠራል። የዋትሰን ስህተት ልምድ ማስያዝን ከማሳደግ ጋር አንድ ማድረጉ ነው። እንዲያውም ጥሩ የውሻ አሠልጣኝ እንኳ ውሻውን ያሻሸዋል፣ አብሮት ይጫወታል፤ ካላመነው እንደማይታዘዘው ያውቃላ።

እኛም በየሰው አገሩ ከሥራ ደክሞን ስንገባ ነገሩ ሁሉ ሽልማትና ቅጣት ይሆንብናል፦ የቤት ሥራህን ከጨረስክ ታብሌት፣ ካልጨረስክ ክልከላ። ሥርዓት ማስያዙ ይቀጥል፤ እቅፋችንን ግን ከሽልማቱ ዝርዝር እናውጣው። ልጁ ባጠፋበት ቀንም ያስፈልገዋል፤ ምናልባትም ያን ቀን ይበልጥ።