ጄምስ ዴዋርና ብርሃን የሚፈታው የብረት ካርቦኒል

በመንዝና በግሼ ደጋ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ብርዱን የሚመክት መንገደኛ የጄምስ ዴዋርን ስም ላያውቅ ይችላል፤ የእጁን ሥራ ግን በየዕለቱ ይጠቀምበታል። ብርሃን በብረት ካርቦኒል ውሁዶች ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ የሚያጠና ተመራማሪም መነሻው ይኸው ሰው ነው።

ዴዋር እ.ኤ.አ. በ1842 በስኮትላንድ ኪንካርዲን ተወለደ። በዐሥር ዓመቱ የረጋው በረዶ ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ውኃ ውስጥ በመግባቱ ለረዥም ጊዜ ታመመ፤ በሕመሙም ወራት ቫዮሊን መሥራት ተማረ። የኋለኛው የቤተ ሙከራ ቅልጥፍናው ምንጭ ይህ የእጅ ሙያ ነበር። በ1875 በኬምብሪጅ፣ በ1877 ደግሞ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ፕሮፌሰር ሆነ። በ1892 በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለበትን ጠርሙስ ሠራ፤ በ1898 ሃይድሮጅንን ወደ ፈሳሽነት ለወጠ። ለጠርሙሱ የፈጠራ መብት ስላላስመዘገበ የንግዱ ትርፍ ለሌሎች ሆነ።

በ1905 እና በ1907 ባወጧቸው ጥናቶች ዴዋርና ሃምፍሪ ኦወን ጆንስ የብረት ፔንታካርቦኒልን ጠባይ መረመሩ። ይህ ቢጫ ፈሳሽ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ እየለቀቀ ወርቃማ ክሪስታል ያዘቅጣል፤ በጨለማ ግን ሳይለወጥ ይቆያል። ምክንያቱ ለሁለቱም አልተገለጠላቸውም። ጆንስ በ1912 ከአዲስ ሙሽራው ጋር በአልፕስ ተራራ ገደል ወድቆ ሞተ፤ ዴዋርም በ1923 አረፈ። የክሪስታሉ መዋቅር በኤክስሬይ የታወቀው በ1939 ነው።

ዛሬ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፔንታካርቦኒል ውስጥ ብረቱ በ18 ኤሌክትሮኖች የተሟላ ስለሆነ ሌላ ሞለኪውል በቀላሉ አያስጠጋም። ብርሃን አንዱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያላቅቀው ግን 16 ኤሌክትሮኖች ብቻ ያሉት፣ ክፍት ቦታ ያለው ቁራጭ ይቀራል። ይህ ቁራጭ ሌላ ፔንታካርቦኒል ካገኘ ዴዋር ያየውን ወርቃማ ክሪስታል ይሠራል። በአካባቢው እንደ ትሪፌኒልፎስፊን ያለ ፎስፎረስ ያዘለ ሊጋንድ ካለ ደግሞ የፎስፎረሱ ጥንድ ኤሌክትሮኖች ክፍቱን ቦታ ይይዛሉ፤ ብርሃኑ ከቀጠለም ሁለተኛ ፎስፊን ሊተካ ይችላል።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ፣ በደጋ ምድር የሚሠራ ኬሚስት ይህን መርዛማ ፈሳሽ ከብርሃን መሰወር ይኖርበታል። ያለዚያ ሙከራው ሳይጀመር፣ ዴዋር በጠርሙሱ ውስጥ ያየው ለውጥ በራሱ ጊዜ ይከናወናል።