ዌንዴል ጆንሰንና የልጆች መንተባተብ
ዌንዴል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ተወለደ። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሆነው አስተማሪው ልጁ መንተባተብ መጀመሩን ለወላጆቹ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ መንተባተቡም ስያሜውም አልለቀቁትም። በ1926 መፍትሔ ፍለጋ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩ ከእጅ አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ይመስላቸው ስለነበር ቀኝ እጁን በጄሶ አሰሩት፤ ግራኝ እንዲሆን እኮ ነው! አልጠቀመውም።

በዚያው ቀርቶ የንግግር ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ። ትንንሽ ልጆች ሁሉ ቃል ይደጋግማሉ፤ ወላጅ ደንግጦ ተንተባታቢ ሲላቸው ግን መናገር ይፈራሉ፣ ችግሩም ይጸናል ባይ ነበር። ስለዚህ ቀድሞ ለመከላከል መመከር ያለበት ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው። ለኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው፤ ሕክምናውን ከክሊኒክ አውጥቶ ቤት አስገባው።

ጉዱ ያለው ማስረጃ ፍለጋው ላይ ነው። በ1939 በእሱ አማካሪነት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአዮዋ፣ ዳቨንፖርት ከተማ በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ 22 ልጆች ላይ ጥናት አካሄደች። ከነዚህ 6ቱ አንደበታቸው ደህና ሆኖ ሳለ ትንተባተባላችሁ ተባሉ። ተንተባታቢ አልሆኑም፤ አንዳንዶቹ ግን መናገር እየፈሩ ዝም አሉ። ጥናቱ ሳይታተም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ጆንሰንም በ1965 ሞተ። ጉዳዩን በ2001 አደባባይ ያወጣው አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ነው (የሙያችን ሰዎች ልብ በሉ)። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2007 የአዮዋ ግዛት ለስድስት ከሳሾች ወገን 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ዛሬ በመንተባተብ ላይ ዘርና የአንጎል አሠራር ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል፤ ወላጅ አመጣው የሚለው ሐሳቡ ወድቋል። ልጁን ሳያጣድፉ ማዳመጥን ግን የንግግር ሐኪሞች አሁንም ለወላጆች ይመክራሉ።