ምርኮኛው የጦር ሚኒስትር

ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚወርደው ሠራተኛ የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ በየዕለቱ ይሻገራል። ስሙን የምናነሣውን ያህል ግን ባለስሙን አናውቀውም። አንድ ሰው በአንድ ሥርዓት ውስጥ በአንድ ወገኑ ተጨቋኝ፣ በሌላ ወገኑ ጨቋኝ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ በአራዳ አናገኝም።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለደው የኦሮሞና የጉራጌ ሕዝቦች በሚጎራበቱበት በጨቦ ነው። የምኒልክ ጦር አካባቢውን ሲወጋ በልጅነቱ ተማረከ። በፊውዳሉ ሥርዓት ምርኮኛ ማለት ዘሩ የማይቆጠርለት፣ ርስት የሌለው ሰው ማለት ነው። በየዘመቻው ከተማረኩት ሕፃናት ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በባርነት ገፍተው፣ ስማቸው እንኳ ሳይመዘገብ አልፈዋል። እሱ ግን ወንድ በመሆኑ ጠመንጃ ለመታጠቅ በቃ፤ ክርስትና በመነሣቱም ከገዥዎቹ ጎራ ለመቆጠር ቻለ። የአባቱ ስም ዲነግዴ ብቻ የመጣበትን ወገን ሲመሰክር ኖረ። ችሎታውን አንክድም፤ አባ መላ የተባለው በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ያው በር አብራው ለተማረከች የጨቦ ልጃገረድ ይከፈት ነበርን?

በ1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በአድዋ ሲወድቅ ማዕረጉ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጦር መርቶ ቦረናን አስገበረ። የትናንቱ ምርኮኛ፣ እንደ ትውልድ ወገኖቹ ኦሮምኛ በሚናገር ሕዝብ ላይ ባለጉልት ጌታ ሆነ። የገባሩ ጫና የጌታው አባት ማን እንደሆነ አይጠይቅም። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾም የጦር ሚኒስቴርን ያዘ።

ከዚህ በኋላ በገዥው መደብ ውስጥ የታየው ትግል ይበልጥ ያስተምራል። ሆቴሏ እስከ ዛሬ በፒያሳ የቆመው እቴጌ ጣይቱ የሰሜን መሳፍንት ልጅ ነበረች፤ በዘር ሐረግ ሀብተ ጊዮርጊስ አይደርስባትም። ምኒልክ በሕመም ሲወድቅ ግን በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከሥልጣን አገለሏት፤ ሀብተ ጊዮርጊስም ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። የመሳፍንት ዘር፣ የሴትነትና የሰሜን ተወላጅነት በአንድነት ሲመዘኑ ሚዛኑ በእሷ ላይ አዘነበለ። የምርኮኛ ልጅነት፣ የወንድነትና የጦር አዛዥነት ሲመዘኑ ደግሞ ለእሱ አደላ።

ያም ሆኖ ወሰን ነበረው። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ካወረዱት ቀንደኛው እሱ ነው፤ በማግሥቱ ወር በሰገሌ የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ሲወጋም ከፊት ተሰልፏል። ንጉሥ አውርዶ ንጉሥ ያነገሠው ይህ ሰው ዙፋኑን ለራሱ ሊያስበው አይችልም ነበር፤ ዙፋን የሰሎሞን ዘር ይጠይቃልና። ዘውዱ ለዘውዲቱ፣ አልጋ ወራሽነቱ ለራስ ተፈሪ ሲሰጥ፣ እሱ በሁለቱ መካከል የሥልጣኑ ሦስተኛ ምሰሶ ሆኖ ዐሥር ዓመት ቆየ።

በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሞተ። ወዲያው ራስ ተፈሪ ጦሩንና መሣሪያውን ጠቅልሎ ያዘ። ገባሮቹም ጌታ ለወጡ።