ዋልድማየርና የጋፋት መንደር

ልጆች ሆይ፥ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በዚያ ስፍራ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ፥ የእቶን ጢስም ይታይ ነበር። መንደሩ በሙሉ የሚኖረው በአንድ ሥራና በአንድ ጌታ ነበረ። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ታይተስ ሶልት የሚባል ባለጠጋ ትልቅ የሱፍ ፋብሪካ ከፍቶ፥ ለሠራተኞቹ ቤትና ትምህርት ቤት ሐኪም ቤትም ያለበት መንደር በስሙ አሠርቶ ነበረ። የዚያ መንደር ጌታ ነጋዴ ነው፤ የጋፋት ጌታ ግን ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ታሪኩን የምንጽፍለት ሰው ከጋፋት ሠራተኞች አንዱ ነው። የምናነሣውም ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ። ከጐለመሰም በኋላ በባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በክሪሾና ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስንና የእጅ ሥራን አንድነት እያስተማረ ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበረ። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለ ሆነ፥ እንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲሄዱ አደረገ። ዋልድማየርም በ1858 ከአገሩ ተነሥቶ መጣ። አማርኛ ተማረ፤ የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ እናቷም ኢትዮጵያዊት ነበረች።

በመጀመሪያ ሥራቸው መንገድ መጥረግ፥ ቤት መሥራትና ሕፃናትን ማስተማር ነበረ። የአገሩ ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ ተጠግተው አናጢነትንና ብረት ሥራን ይለምዱ ነበር። ንጉሡ ግን ከዚህ የበለጠ ይፈልጉ ነበር። ገና ካሣ ሲባሉ በ1848 በደባርቂ ከግብፆች ጋር ተዋግተው በመድፍ ተሸንፈው ነበርና፥ ያን ቀን ፈጽመው አልረሱትም። ስለዚህ የጋፋት ሰዎች መድፍና ቦምብ እንዲሠሩላቸው አዘዙ።

ሠራተኞቹም ይህን ጥበብ እንደማያውቁ፥ የመጡበትም ጉዳይ እንዳልሆነ ነገሩ። ንጉሡ በዚህ ተቈጥተው አሽከሮቻቸውን አሳሰሩባቸው። ጌቶቹ እንሞክራለን እስኪሉ ድረስ አሽከሮቹ በሰንሰለት ቈዩ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ሁሉ ከመድፉ ይልቅ የእነዚያን አሽከሮች ነገር አስባለሁ፤ ስማቸውን የጻፈ የለምና። ዋልድማየርና ባልንጀሮቹም መጽሐፍ ሊያስተምሩ መጥተው የጦር መሣሪያ ሠሪዎች ሆኑ። ስለ አሽከሮቻቸው ብለው ነው እንዳይባል፥ በኋላ ከንጉሡ ሹመትና ሽልማት ተቀብለዋል፤ ስለ ፍርሃት ብቻ ነው እንዳይባልም፥ ዋልድማየር ንጉሡን ከልቡ ይወድ ነበረ።

የመጀመሪያው እቶን ሲነድ ጡቡ እሳቱን መቻል አቅቶት ራሱ ቀለጠ። ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ሠራተኞቹ ተስፋ ቈረጡ፤ ንጉሡ ግን ደግመው እንዲሞክሩ አበረታቷቸው። እሳት የሚችል ጭቃ ተፈልጎ፥ ሌላ እቶን ተሠርቶ፥ ከብዙ ሙከራ በኋላ የቀለጠው ነሐስ በቅርጹ ውስጥ ፈሰሰ። በዚህ ሥራ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊም ነበሩበት። ከመድፎቹም ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበረ።

ከጎባ ተነሥቶ በሰነቴ በኩል ወደ ሃረና ጫካ በጭነት የወረደ ሰው፥ አንድ የበቅሎ ጭነት እንኳ በቍልቍለት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቃል። ሴባስቶፖል ግን በሠረገላ ላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተጐተተ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ተወሰደ። በጥቅምት ወር 1867 የተጀመረው ጕዞ በመጋቢት 1868 ተፈጸመ። መንገድ አልነበረምና ገደሉ እየተናደ፥ ድንጋዩ እየተፈለጠ አዲስ ተሠራ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። እንዲህ ያለ ንጉሥ በሌላ አገር ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ጋፋት ባዶ ሆኖ ነበር። ንጉሡ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ስለ ተጣሉ በ1864 ቆንስሉን ካመሩንን አስረው ነበር። በ1867 የጋፋትን ሰዎች ከመንደራቸው አስነሥተው ከሠራዊቱ ጋር ወሰዷቸው፤ ከዚያም ወዲህ እንደ እስረኛ ይጠበቁ ነበር። ጀኔራል ናፒየር ከእንግሊዝና ከሕንድ ወታደር ጋር በመጣ ጊዜ፥ በጋፋት የተደከመባቸው መድፎች በአሮጌ ሜዳ ድል አላስገኙም። ዐፄ ቴዎድሮስም በሚያዝያ 1868 በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ።

ዋልድማየርና ሚስቱ ከተፈቱት ጋር ከኢትዮጵያ ወጥተው በኋላ በሊባኖስ ተቀመጡ። በ1873 በብሩማና ሥራ ጀምሮ ትምህርት ቤት አቆመ። በዚያ አገር አእምሯቸው የታወከ ሰዎች በገዳም ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ዋልድማየር ይህን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት ባለፈ ጊዜ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ገንዘብ ለመነ፤ አስፉሪዬ የተባለውንም ሐኪም ቤት በ1896 መሠረተ። በሽተኞቹ በ1900 መግባት ጀመሩ። እርሱ በ1915 ሞተ፤ ሐኪም ቤቱ ግን እስከ 1982 ሲያገለግል ኖረ። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አምሳሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጋፋት ግን ጌታው ከሄዱ በኋላ እቶኑን የሚያነድ፥ ልጆቹንም የሚያስተምር አላገኘም። ስሙ ብቻ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በአገራችን አንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተብሎ ተሰየመ፤ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ወጣቶች የእጅና የመኪና ጥበብ የሚማሩበት የቴክኖሎጂ ክፍል በዚሁ በጋፋት ስም ይጠራል።